የዘመኑ በር

አንባቢ ሆይ፤ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ሳይወድ የሚደርስበት አንድ ቀን አለ። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣራው ተመቷል፤ ገንዘቡ አልቋል፤ የቀረው በር ብቻ ነው። በዚያን ቀን ባልና ሚስት ተያይዘው ወደ ገበያ ይወርዳሉ። ሻጩም፣ «ይኸ የቱርክ ነው፤ ያ የቻይና ነው፤ ይኸኛው ደግሞ ባለ ጣት አሻራ ነው» እያለ፣ የተደረደሩትን መዝጊያዎች እንደ ዳዊት ገጽ እየገለጠ ያሳያቸዋል። ስለ ሳሎኑ ስፋት ስድስት ወር የተከራከሩት ሰዎች በሩን በግማሽ ሰዓት መርጠው፣ በመኪና አስጭነው ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት፣ ምናልባትም ዕድሜ ልካቸውን፣ በቀን አሥር ጊዜ እጃቸው የሚያርፈው በዚያ በግማሽ ሰዓት በተመረጠው ዕቃ ላይ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ስለ መኖሪያ ቤት በር፣ ይልቁንም በዘመናችን ስለ ተያዘው የበር ፈሊጥ፣ ጥቂት እንጨዋወት።

መጀመሪያ ከውጭ እንነሣ። በአዲስ አበባ በአዲሶቹ ሰፈሮች በእግሩ የሚሄድ ሰው ቤት አያይም፤ የሚያየው አጥርና የግቢ በር ነው። የቤቱ ባለቤት ለመንገደኛው ሊናገር የሚፈልገውን ሁሉ የሚናገረው በዚሁ በግቢው በር ነው። ዱሮ የቆርቆሮ በር ነበረ፤ ነፋስ ሲነሣ ይንኳኳል፤ ሲዝግ ቀለም ይለበጥበታል። ቀጥሎ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ የብረት በር መጣ። አሁን የተያዘው ፈሊጥ ደግሞ በኮምፒዩተር በሚመራ መቁረጫ የተፈለፈለ ላሜራ ነው። ቅጠል፣ ሐረግ፣ ባለ ማዕዘን ጌጥ፣ አልፎ አልፎም አንበሳና ፈረስ ይቆረጥበታል። መደቡ ጥቁር ወይም ቡናማ፣ ጌጡ ወርቃማ ቀለም ይሆናል።

እኔ በበኩሌ ይኸን ፈሊጥ ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም። ጌጠኛ በር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በሐረር ጁገል ውስጥ የገባ ሰው ሐረግ የተቀረጸባቸውን የእንጨት መዝጊያዎች፣ የህንድ ነጋዴዎችም ትተውት የሄዱትን የእንጨት ፈልፋላ ሥራ፣ ቆሞ ሳያይ አያልፍም። የዛሬውም ላሜራ ቢሆን የአገር ልጅ ሥራ ነው፤ የሚቆርጠው፣ የሚበይደው፣ የሚቀባውም በየመንገዱ ዳር ባሉት ብየዳ ቤቶች የሚውል ወጣት ነው። እንዲያውም አንዳንዱን በር ሳይ የእናቶቻችን የቀሚስ ጥልፍ በብረት ላይ የተሠራ ይመስለኛል። ነገር ግን አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ያ ሁሉ ቀዳዳ የተቆረጠው ነፋስና ብርሃን እንዲያልፍበት ነበረ። የቤቱ ጌታ ግን በሩ በተተከለ በሳምንቱ «ሰው ያየናል» ብሎ ከኋላው ሌላ ሜዳ ላሜራ ያስበይድበታል። አንበሳው ከሁለት ብረት መካከል ታስሮ ይቀራል።

ከግቢው አልፈን ወደ ቤቱ በር ስንደርስ ደግሞ ሌላ ፈሊጥ ይጠብቀናል፤ ይኸውም እንጨት የሚመስል ብረት ነው። አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ሁለት ስስ የብረት ሉሆች፣ ብዙውን ጊዜ እያንዳንዳቸው ውፍረታቸው አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ፣ በመጭመቂያ ተጨምቀው ቅርጽ ይወጣላቸዋል። በመካከላቸው እንደ ንብ ቀፎ ሆኖ የተሠራ ወረቀት ወይም ሌላ መሙያ ይገባል። ከዚያ በኋላ ብረቱ የቀለም ዱቄት ተነፍቶበት በምድጃ ይጋገራል፤ በመጨረሻም የእንጨት መልክ የታተመበት ስስ ልባስ ይለጠፍበትና በሙቀት ኃይል መልኩ ወደ ብረቱ ይሸጋገራል። ስለዚህ ያ የእንጨት ሥር የሚመስለው፣ ያ ጉጥ የሚመስለው ሁሉ ሥዕል ነው። በጣትዎ አንጓ ቢያንኳኩት ድምፁ ራሱ ይነግርዎታል። የቱርክ የሚባለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መካከሉ ብረት ሆኖ፣ ፊቱና ጀርባው ኤም.ዲ.ኤፍ. በሚባል ከእንጨት ብናኝ በተጨመቀ ሰሌዳ የተለበጠ ነው። በእጅ ሲዳስሱት ሞቅ ይላል፤ ዋጋውም እንደዚያው ሞቅ ያለ ነው።

ብረት እንጨት መምሰሉ በራሱ ነውር ነው አልልም። በሎንዶን ከተማ በዳውኒንግ ጎዳና ቁጥር 10 ያለው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር በር ዱሮ ከባሉጥ እንጨት የተሠራ ነበር። በ1983 ዓ.ም. የሞርታር ጥቃት ከደረሰ በኋላ ግን እንጨቱ ተነሥቶ ፍንዳታ በሚችል ብረት ተተካ፤ መልኩ እንደ ቀድሞው ጥቁር የእንጨት በር ነው። ከውጭ የቁልፍ ቀዳዳ የለውም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሱ እንኳ ሲመጣ ከውስጥ ሆኖ የሚከፍትለት ሰው ሁልጊዜ አለ። እንግዲህ ያ በር በረኛ አለው፤ የእኛ ቤት በረኛ ግን ማን ነው? ይኸን ጥያቄ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

በውጭ አገር የቤት አሠራር መጽሔቶች ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚሞገሰው በር ደግሞ ማጠፊያ የሌለው ነው። ሰፊ ነው፤ አንዳንዱ ከወለል እስከ ጣራ ይደርሳል፤ በጎኑ ታጥፎ እንደ መከፈት ፈንታ ከላይና ከታች በተተከለ እንዝርት ላይ ይዞራል። ይኸንኑ ፈሊጥ በአዲስ አበባም በአንዳንድ ባለጸጋ ቤት ማየት ተጀምሯል። እኔ ግን ሥዕሉን በተመለከትሁ ጊዜ ሣቄ መጣ። የገጠሩ የሳንቃ በር፣ የጥንቱም የቤተ ክርስቲያን በር፣ ምን ነበረና? ጠራቢው ሳንቃውን ሲጠርብ በአንዱ ጎን ከላይም ከታችም እንደ ቀንድ ያለ ጫፍ ይተውለታል። የላዩ ጫፍ በጉበኑ ቀዳዳ፣ የታቹ ጫፍ በመድረኩ ቀዳዳ ይገባል፤ በዚያ ላይ መዝጊያው ይዞራል። አንዲት ሚስማር፣ አንዲት ማጠፊያ አይገባበትም። ሲከፈት ሲጢጥ ይላል፤ ሲጢጥታውም ደወል ነበረ፤ እናት ከጓዳ ሆና ማን እንደ ገባ ከአከፋፈቱ ትለያለች። ዛሬ ይኸው አሠራር ዘይት ጠጥቶ፣ ድምፁ ጠፍቶ፣ በብዙ ገንዘብ ከባሕር ማዶ እየመጣልን ነው።

«ታዲያ ወደ ሳንቃው እንመለስ» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። ለመዝጊያ የሚሆነው ዋንዛ፣ ምስጥ የማይደፍረው ጥድ፣ ዝግባውም ሁሉ ከደናችን ተመናምኗል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ጥድንና ዝግባን ከመንግሥት ደን መቁረጥን የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ባሕር ዛፍ ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ መዝጊያ ከሆነ በመጀመሪያው በጋ ይጣመምና ክረምት ሲገባ አልዘጋ ይላል። ስለዚህ በብረቱ አልፈርድም። የምፈርደው በሌላ ነገር ነው።

የቋንቋ መምህር ነኝና አንድ ነገር ጣልቃ ባገባ ይቅር በሉኝ። በአማርኛችን በር ማለት ክፍቱ ነው፤ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ማለት ነው። በዚያ ቦታ ላይ የሚገጠመው ሳንቃ ወይም ብረት መዝጊያ ይባላል። ዛሬ ሁለቱን ቀላቅለን በር እንላለን፤ ሽማግሌዎች ግን ይለዩዋቸዋል። እንግዲያውስ በገበያ በር የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ የሚሸጠው መዝጊያ ነው። ገዢውም የሚጠይቀው ስለ መዝጋቱ ብቻ ነው። «ስንት ቦታ ይቆልፋል? ብረቱ ስንት ነው? በመፈንቅል አይከፈትም?» ይላል። ሻጩም ቁልፉን ሲያዞር ከጎን፣ ከላይና ከታች የሚወረወሩትን ብረቶች እየቆጠረ ያሳየዋል። ከቤት ውስጥ ያለ ሰው በሩን እንዴት እንደሚከፍተው ሲጠይቅ የሰማሁት ገዢ እስከ ዛሬ የለም።

ሌባ የለም ማለቴ አይደለም፤ ሌባ አለ። ቤቱ የተሰበረበት ሰው ሦስት ቁልፍ ቢያደርግ ማን ይፈርድበታል? ዳሩ ግን ሌባ የሚመጣው ምናልባት በዕድሜ አንድ ጊዜ ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ልጅ፣ ሐኪም፣ ለቀስተኛ የሚመጣው ግን ሁልጊዜ ነው።

ባለፈው ዓመት ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ «የቤታችን በር» የሚል የድርሰት ርእስ ሰጥቻቸው ነበር። ስለ ቀለሙና ስለ ጌጡ ይጽፋሉ ብዬ ስጠብቅ አብዛኞቹ የጻፉት ስለ ቁልፍ ነው፤ ማን ቁልፍ እንደሚይዝ፣ ማን እንደማይያዝ፣ ቁልፍ የጠፋ ቀን ምን እንደ ተባሉ። ከሁሉም አንዲት ልጅ የጻፈችው አልረሳኝም። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አያቷ ከገጠር ሊጠይቋቸው መጥተው፣ ደረጃውን እንደ ምንም ወጥተው፣ በብረቱ በር ፊት ቆመው እንደ ልማዳቸው «ቤቶች!» አሉ። መልስ የለም። ደግመው «ቤቶች!» አሉ። ውስጥ የነበረችው ሠራተኛ ቴሌቪዥን ከፍታ ነበርና አልሰማችም። በግድግዳው ላይ የደወል መጫኛ ነበረ፤ አያት ግን የመብራት ማብሪያ መስሏቸው፣ የሰውን መብራት በቀን አላበራም ብለው አልነኩትም። ወደ ታች ወርደው ከዘበኛው ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ልጅቱ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ቆዩ። የያዙትን ዳቦ ግን ለዘበኛው ቆርሰው ሰጥተውት ነበር ትላለች ልጅቱ። ከመቶ ዘጠና አምስት ሰጠኋት፤ አምስቱን የቀነስሁባት ለነጠላ ሠረዝ ነው።

«ቤቶች!» ሲባል መልሱ «ደጆች!» እንደ ነበረ የሚያስታውስ ያስታውሳል። ከውጭ ያለው የውስጡን ይጠራል፤ ከውስጥ ያለው የውጭውን ይጠራል። ሁለቱ ድምፆች የሚገናኙት በመዝጊያው ላይ ነው፤ መዝጊያው የሳንቃ፣ የቀርከሃ ወይም የጭራሮ ስለ ነበረ ድምፅ ያሳልፋል። ደጅ በዚያን ጊዜ ባዶ ቦታ አልነበረም። ሹመት የሚፈልግ ደጅ ይጠናበታል፤ የጦር አለቃው ማዕረግ ራሱ ደጃዝማች ይባላል፤ የቤተ ክርስቲያኑም መግቢያ ደጀ ሰላም ነው። በዛሬው ብረትና በመሙያው ወረቀት በኩል ግን ሰው ቢጠራ የሚሰማው ጎረቤት ነው እንጂ ባለቤቱ አይደለም።

የማይከፈት በር የሚፈልግ ሰው አክሱም ሄዶ ይመልከት። ከዛሬ 1,700 ዓመት ገደማ በፊት የቆሙት ታላላቅ ሐውልቶች ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ተመስለው ሲቀረጹ ከሥራቸው በር ተበጅቶላቸዋል። በ1997 ዓ.ም. ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. እንደገና የተተከለውም ሐውልት እንዲሁ በር አለው። መቃኑ ተቀርጿል፤ የእንጨቶቹ ጫፎች በአራቱም ማዕዘን ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። ከሐውልቶቹ ጥቂት ራቅ ብሎም ከአንድ ድንጋይ በተፈለፈለው የሐሰት በር ምክንያት በዚያው ስም የሚጠራ መቃብር አለ። ከእነዚህ በሮች አንዱም አይከፈትም፤ እንዲከፈትም ታስቦ አልተሠራም። ለሙታን ስለ ተሠራ እንከን አይወጣለትም። እኛ ግን ገና በሕይወት ነን።

ወደዚያ ወደ ያዛችሁልኝ ጥያቄ ልመለስ፤ በረኛው ማን ነው? በብዙ የኮንዶሚኒየም ቤት በር ላይ ሁለት መዝጊያ አለ። አንደኛው ቤቱ ሲሰጥ የነበረው ወይም ባለቤቱ የለወጠው በር ነው፤ ሁለተኛው ከፊቱ የሚጨመረው የብረት ፍርግርግ ነው። ፍርግርጉ ላይ ጓጉንቸር ይንጠለጠላል፤ ማታ ቤተ ሰቡ ከገባ በኋላ ከውስጥ ይቆለፋል። እኔ በምኖርበት ሕንፃ ባለፈው ክረምት መብራት በጠፋበት ማታ ከበላያችን ባለው ቤት ሻማ መጋረጃ ላይ ወደቀ። እናትየው ከሁለት ልጆቿ ጋር ብቻዋን ነበረች። የውስጡን በር ከፈተች፤ የጓጉንቸሩ ቁልፍ ግን ጠፋት። በጨለማ፣ በጭስ መካከል ቁልፍ መፈለግ ምን እንደሚመስል አስቡት። እኛ ጎረቤቶቿ ደረጃው ላይ ቆመን ውሃ በጆግ እየቀዳን በፍርግርጉ ቀዳዳ አቀበልናት፤ እሷም መጋረጃውን አጠፋችው። ልጆቹን ግን በዚያ ቀዳዳ ልንቀበላት አንችልም ነበር። ቁልፉ በኋላ የተገኘው ባልየው ይዞት በሄደው ካፖርት ኪስ ውስጥ ነው። ሌባ እንዳይገባ የተቆለፈው ጓጉንቸር ሦስት ነፍስ ቆልፎ ነበር።

በሠለጠነውም አገር ቢሆን በበር ጉዳይ ሰው ተጎድቷል። በ2009 ዓ.ም. በሰኔ ወር ግሬንፌል የተባለው የሎንዶን ባለ 24 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሞቱ። እሳቱን ያዛመተው በዋናው የሕንፃው የውጭ ልባስ ነው። ነገር ግን በኋላ ከሕንፃው የቤት በሮች አንዱ ተወስዶ ቢፈተን፣ እሳትን 30 ደቂቃ ይመክታል የተባለው በር የመከተው 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። መልኩን ያየ ሰው ይኸን አያውቅም ነበር። ስለ በር መልክ ብቻ የሚነገረን ነገር ሁሉ ጎደሎ ነው የምለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ በር ሊገዙ የሚወርዱ አንባቢ ቢኖሩ ለሻጩ እንዲህ ይበሉት። «ከውስጥ ያለ ቁልፍ፣ በእጅ ብቻ የሚዞር መክፈቻ ያለው አምጣልኝ» ይበሉት። እንዲህ ያለው ቁልፍ በገበያው ላይ አለ፤ ከውጭ በቁልፍ ይከፈታል፤ ከውስጥ ሕፃንም ያዞረዋል። ባለ ጣት አሻራውን ከወደዱ ደግሞ ባትሪው ሲያልቅ ከውጭ በምን እንደሚከፈት፣ ከውስጥም ያለ ባትሪ በእጀታው ብቻ ይከፈት እንደ ሆነ በዓይንዎ አይተው ይግዙ፤ በቃል ብቻ አይመኑ። ፍርግርግ የግድ ከሆነብዎ ጓጉንቸሩን ትተው ከውስጥ በእጅ የሚሳብ መቀርቀሪያ ያሠሩበት፤ ከውጭ እጅ ገብቶ እንዳይስበው በያጁ በላሜራ ይሸፍነዋል። ጓጉንቸሩን አልተውም ካሉ ቁልፉ ከበሩ አጠገብ፣ ከውጭ እጅ በማይደርስበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ በአንድ ምስማር ይንጠልጠል፤ የካፖርት ኪስ ውስጥ አይግባ።

ስፋቱንም ይለኩ። መተላለፊያው 90 ሳንቲሜትር ካልሆነ ሶፋው ቀርቶ የታመመ ሰው የተኛበት ቃሬዛ ሲወጣ ሰዎቹ ጉልበታቸው ይላጣል። የብረቱ የታችኛው ጠርዝ ከመገጠሙ በፊት አንቲረስት ይቀባ፤ ዝገት የሚጀምረው ቀቢው ጎንበስ ማለት በሚሰለችበት በዚያ ነው። በሩ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ጥቁር ቀለም ይቅርብዎ፤ ከሰዓት በኋላ እጀታው ያቃጥላል።

የደወሉን መጫኛ ደግሞ አያትም ልጅም በሚደርስበት ከፍታ ያስተክሉት፤ የደወል ሥዕልም ይሣልበት፤ የመብራት ማብሪያ እንዳይመስል። በነሐሴ ወር ለቡሄ ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ ሊሉ ሲመጡ ግን ደወል አይጫኑም። ከላሜራው በስተጀርባ ቆመው ይጨፍራሉ፤ ዘበኛው «ጌቶች የሉም» ካላቸው ወደሚቀጥለው በር ይሄዳሉ። ከአንበሳው ጀርባ የተበየደውን ሜዳ ላሜራ በያጁ በአንድ ከሰዓት ያነሣዋል፤ ቡሄ ከመድረሱ በፊት ይጥሩት።

በሚመጣው ሳምንት ስለ መስኮት እንጨዋወታለን።